የውኃ ልክ

ኢንጂነሩ መጣ ከዳካ በጀልባ፣
ጫማውን አንጠልጥሎ ጭቃችን ላይ ገባ።
ጥቅል ፕላኑን ፈታ፣ ገመዱን ነጠለ፣
ባለሦስት እግር መነጽር አሸዋ ላይ ተከለ።
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወዲያ ማዶ እያየ፣
«የውኃ ልካችሁ የት ነው?» አለ፣ ቆየ።

እሱ የፈለገው መነሻ ከፍታ፣
ክር የሚወጠርበት የማይናወጥ ቦታ።
እኛ የሰማነው ግን የወንዙን ነገር፣
ጀሙና ሲቆጣ የሚያልፈውን ድንበር።

ጆይቱን ቢቢ ወጣች ከኦቾሎኒ ማሳዋ፣
ሰባት ጊዜ ወንዝ የበላው ጎጆዋ።
እንጨት እንደሚለካ ራሷን ለካች፣
ጣቷን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ አስወጣች፦
«ይህ የሞሚን ልደት፤ ጉልበቴን ነክቶኛል።
ይህ ላሟን የወሰደው፤ ወገቤን ይዞኛል።
ይህኛው…» ብላ ጣቷ ደረቷ ላይ ቀረ፤
ስም አልጠራችም፤ የጠየቀም አልነበረ።

«ከዚህ በላይ ገንባ።»

እርሳሱን ያነሣው ያን ጊዜ ነው ልጁ፤
ሜትሩ እንደታጠፈ ቀረ ከግራ እጁ።

እኔ መምህር ነኝ፤ ደብተሩ የእኔ ነው፣
የገባ የወጣው በእጄ የሚጻፈው።
ቻር ሻሊክ ይባላል የቆምንበት ደለል፤
አሥር ዓመት አይሞላው ከውኃው ሲነጠል።
ትምህርት ቤት ልንሠራ፤ ሦስት ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣
ገንዘቡ ከከተማ፣ ጉልበት የእኛ ዕዳ።

ታህሲን የሚሻው ብረትና ሲሚንቶ፣
መቶ ዓመት የሚቆም ከመሬት ተጣብቶ።
ሞኽሌስ አናጢው፣ ምስማር አፉ ውስጥ አለ፤
አንድ በአንድ ተፍቶ፣ ቆይቶ፣ እንዲህ አለ፦
«መሬት የሚሄድ ነው፤ ቤት በምን ይቆማል?
እግር የሌለው ቤት መጀመሪያ ይሰጥማል።
ማፍረሻውን ሣልልኝ፤ መሥሪያው ይከተላል።»

እናም ከመጨረሻ ጀመርነው ፕላኑን፣
የምንነቅልበትን፣ የስንብቱን ቀኑን።
በምስማር ፈንታ ብሎን፤ ምስማር ቂም ይይዛል፣
የገባበትን እንጨት ሳይሰነጥቅ መች ይለቃል።
የወራጁ ርዝመት የጀልባው ርዝመት ነው፤
ጀልባ ያልቻለውን ቤት አይሸከመው።
ቆርቆሮው ሁሉ ላይ ቁጥር ተጻፈበት፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እስከ ዘጠና ስምንት።
በሁለት ቀን ተፈትቶ፣ በጀልባ ተጭኖ፣
ማዶ ይተከላል እንደገና ቤት ሆኖ።

ቀርከሃውን ሦስት ሳምንት ኩሬ ውስጥ ነከርን፣
ነቀዝ እንዳይበላው ስኳሩን አስለቀቅን።
የብሎኑ ጆንያ ከሲራጅጋንጅ መጣ፤
ስንቆጥረው ጎደለ፤ ነጋዴው ተቆጣ።
ታህሲን ችካል መታ፣ ቀይ ጨርቅ አሰረበት፤
አራት ማዕዘን ሆነ፤ ልጆች ዘለሉበት፣
«ይሄ የእኛ ክፍል ነው» ተባብለው ተጣሉበት።

በባድሮ ወር ሌሊት ሰማነው ሲናድ፤
ሲነጋ ከአራቱ የቀረን ችካል አንድ።
ቀይ ጨርቁ ይውለበለባል። ከሥሩ ወንዝ ያልፋል።

ታህሲን ደወለ፤ «አዝናለሁ» ብሎ ጀመረ።
ሞኽሌስ ስልኩን ነጠቀኝ፤ እየሳቀ ነበረ፦
«ምን ያሳዝንሃል? ቤታችን ደኅና ነው፤
ወንዙ የወሰደው ሥፍራውን ብቻ ነው።»

አሁን ካርቲክ ገባ፤ ውኃው እየሸሸ፣
አሸዋው እንደ ዓሣ ጀርባ ብቅ እያለ መሸ።
ሸራውን ገልጬ ደብተሬን አስተያየሁት፦
ቆርቆሮ፣ አለ። ቀርከሃ፣ አለ። ብሎን፣ አሥራ አንድ ጎደለበት።
ጀልባ፣ አለ። ሠራተኛ፣ አለ። ልጆች፣ አርባ ሁለት።
«ሥፍራ» ከሚለው ፊት ባዶ ነው የተውኩት።

ጆይቱን በየጠዋቱ አዲሱን ደለል ትወጋለች፣
በትሯ ምን ያህል እንደሰጠመ ታያለች።
ዛሬም ተመልሳ መጣች፤ ጎንበስ ብላ፣
ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለውን የጭቃ መስመር በጣቷ ነካች።

«ዛሬ እዚህ ድረስ ነው» አለችኝ።

ጻፍኩት።